ፍሬኑ እስኪበርድ

ልጄ ታደሰ፣

ካጣሁህ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እጄ ዛሬም እንደ ድሮው ቀርፋፋ ነው፤ አንድ መስመር እስክጨርስ የቀዳሁት ሻይ ይቀዘቅዛል። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቀበሌው አዳራሽ በር ላይ ቆመህ ትጠብቀኝ ነበር። ደብተሬን በነጠላዬ ሸፍኜ ስወጣ «ተማሪዋ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!» እያልክ ታሳፍረኝ ነበር። ያንን አስታውሼ አሁን ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ።

እህትህ አልማዝ ዛሬ ጠዋት ያንተን ብስክሌት ይዛ ወጥታለች። በጭነት መኪና ላይ ጭና ወደ ኢተያ ወጣች፤ ስትመለስ ግን እየነዳች ነው ቁልቁለቱን ወደ ዴራ የምትወርደው፤ ከዚያ ወደዚህ ወደ አዳማ ትመጣለች። የትኛው ቁልቁለት እንደሆነ ላንተ መንገር አያስፈልገኝም። እስክትመጣ ቁጭ ብድግ ከምል ካንተ ጋር ላውራ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ቤቱ ያው ነው። ፓፓያዋ ከአጥሩ በላይ ሆናለች። ስኳር አሁንም በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነው፤ ወንጂ አፍንጫችን ሥር ሆኖ። ልብስህን በአርባህ ለነዳያን ሰጠሁ። ብስክሌቱን ግን የሚቀበለኝም አልነበረም፣ እኔም አልሰጠሁም። ከመንገድ አንሥተው ሲያመጡልኝ የፊት ሹካው፣ ጎማውን ከመሪው ጋር የሚይዘው ብረት፣ ተሰብሮ ነበር። እንዲያው እንዳለ ጓዳ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆየ።

አልማዝ ጤና ረዳት ሆና ዴራ ተመድባለች። ሥራዋ ክትባት ነው። የጤና ጣቢያው መኪና በቤንዚን እጥረት ከቆመ ሰንብቷል። አንድ ቅዳሜ መጣችና «እማዬ፣ ላይኛው አገር ልጆቹን ኩፍኝ እየጨረሳቸው ነው። በእግሬ ስሄድ የክትባቱ ሳጥን ውስጥ ያለው በረዶ ሳልደርስ ይቀልጥብኛል። የታዴን ብስክሌት ስጪኝ» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አልጽፍልህም፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

በሚቀጥለው ስትመጣ እግሯ ቆስሏል። የፈራችው ደርሶባት፣ መድኃኒቱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ተሰልፈው እያዩዋት ሳትከትብ ተመልሳለች። አላለቀሰችም። እራቷን ግን አልነካችም። ያኔ ወንበር ላይ ወጥቼ ብስክሌቱን ራሴ አወረድኩት። «ትወስጂዋለሽ» አልኳት፤ «ሹካውንና ፍሬኑን የምመርጠው ግን እኔ ነኝ። በዚህ ነገር አትከራከሪኝም።» እሺ አለች። መከራከሯ ግን አልቀረም፤ እህትህን ታውቃታለህ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሙያውን ካስተማሩህ ከጋሽ ሁሴን ዘንድ ነው። ያችው ቆርቆሮ ጥላ ሥር ናቸው። ሲያዩኝ «ሃዳ ታደሰ» ብለው ተነሡልኝ። በኦሮምኛ የታደሰ እናት ማለታቸው ነው። ሌላው ሰው ስምህን ፊቴ ላይ መጥራት ይፈራል፤ እሳቸው ግን እንደ ድሮው ይጠሩኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል።

ሹካው ለምን እንደተሰበረ ጠየቅኳቸው። እስከዚያ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ ነገሩኝ። «መለዋወጫ አይገባም። የታጠፈውን በእሳት አግለን እናቀናዋለን፣ ብርማ ቀለም እንቀባዋለን፣ ይሄዳል። አዳማ ውስጥ የሚሄደው ሁሉ እንዲህ ነው። ልጅሽም የራሱን እንዲሁ ነው የሠራው። ብረት አንዴ ታጥፎ ከተቃና ግን ይደክማል። ሜዳ ላይ አይታወቅበትም። ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን ስትይዢ ነው የሚታወቀው።»

ቀብተህ ያመጣኸው ዕለት ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አቁመህ «እማዬ፣ አዲስ አይመስልም?» ያልከኝ ትዝ አለኝ። ይመስል ነበር፣ ልጄ። በጣም ያምር ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀለም የተቀባ ሹካ ማየት አስጠላኝ። አሮጌ ብረት የሚሸጥበት ተራ ገብቼ በቢላ ጫፍ ቀለሙን እየፋቅሁ ማየት ያዝኩ። ከሻጮቹ አንዱ «እማማ፣ ድንች መሰለዎት እንዴ የሚልጡት?» አለኝ። «ድንችማ ቢሆን የበሰበሰውን አሽትቼ እለየው ነበር» አልኩት። ተራው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ በፋቅሁት ቀለም ሥር ሁሉ እሳት የላሰው ብረት ነበር። ስንት እናት ልጇን በዚህ ላይ አስቀምጣ ትሸኛለች እያልኩ ነበር።

አልማዝ ደግሞ ልቧ ሌላ ቦታ ሄደ። አንድ በያጅ ከሞተር ብስክሌት ላይ የነቀለው፣ ሞላ ያለው ሹካ አሳያት። ሲጫኑት ይሰምጣል፣ ሲለቁት ይነሣል። «እማዬ፣ ኮረኮንች ላይ እንደ ፍራሽ ነው! ብልቃጦቹ አይሰበሩብኝም» አለች። እውነቷን ነው፣ እኔም ስጫነው ደስ አለኝ። መሪው ውስጥ የሚገባው አንገቱ ግን ለብስክሌቱ እንዲሆን ተቆርጦ በብየዳ የተቀጠለ ነበር። አብረውን የመጡት ጋሽ ሁሴን አውራ ጣታቸውን ብየዳው ላይ አሳረፉና ወደ እኔ አዩ። ያ በቃኝ።

«ይሄ አይሆንም» አልኩ።

«ደግሞ መሐንዲስ ሆንሽ!» አለችኝ ተቆጥታ፣ ሰው ፊት።

«መሐንዲስ አይደለሁም። የተሰበረውን ያየሁ እናት ነኝ።»

በያጁ ሹካውን መልሶ ሰቀለው። እስከ ቤት ድረስ ከኋላዬ ነው የመጣችው።

በመጨረሻ የወሰድነው ከአንድ ዕቃ ማመላለሻ ብስክሌት የወጣ፣ ወፍራም፣ ቀለሙ ከረጅም ጊዜ በፊት ተልጦ ያለቀ ሹካ ነው። ዝገት አለው፤ ጋሽ ሁሴን በአሸዋ ወረቀት ሲያሹት ግን ዝገቱ ከላይ ብቻ ነበር። እሳትም መዶሻም አልነካውም። ክብደቱና መንቀጥቀጡ አያድርስ ነው። ለብልቃጦቹ ትራስ ሰፋሁላት፣ ጥጥ ሞልቼ። ሳጥኑን ደግሞ ካላማዳሪ፣ የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ በረጅሙ ቆርጠን በሱ ከኋላ መጫኛው ላይ አንጠለጠልነው። መንገዱ ብስክሌቱን ሲያናውጠው ሳጥኑ በላስቲኩ ላይ እየተወዛወዘ ይቆያል። አልማዝ ሞክራው ስትመጣ ኩርፊያዋ ለቀቃት።

ፍሬኑ የባሰ አጨቃጨቀን። የፊቱ የእጅ ፍሬን ቸርኬውን የሚይዝበት ጎማ ከገበያ ጠፍቷል፤ ሰው የሚያስገባው ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ነው፣ እሱም ቸርኬው ሲረጥብ ያንሸራትታል። ሌላው ዓይነት ኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ያለ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ነው። ጠንካራ ነው፣ ዝናብም አይነካውም። አልማዝ እሱ ብቻውን ይበቃኛል አለች። «ካቴናው ቢወልቅስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ጋሽ ሁሴን «ከወለቀማ ያ ፍሬን የለም» አሉ። ስለዚህ ሁለቱም ተገጠሙላት፤ የኋላው ለሥራ፣ የፊቱ ለክፉ ቀን።

ከዚያ ጋሽ ሁሴን ወደ እሷ ዞረው እንዲህ አሉ፦ «ስሚኝ። ይሄ የኋላው ረጅም ቁልቁለት ላይ ይግላል። ግሪሱ መጨስ ከጀመረ አይዝልሽም። መካከል ላይ ወርደሽ በእጅሽ መንካት እስክትችዪ ቁሚ። ቸኮልኩ ብለሽ እንዳትነጂ።»

እኔም ሞኟ «የቱ ጋ ትቁም?» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ነው መልሱ የገባኝ። የቁልቁለቱ መካከል የት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። አልማዝ ናት ቀስ ብላ «ግራሩ ጋ» ያለችው። ሰዎቹ ያነሡህ ከዚያ ግራር ሥር ነው።

ልጄ፣ አሁን ፀሐይዋ ከፓፓያዋ ላይ ወርዳለች። ከአሰላ የመጣው አውቶቡስ አለፈ፣ የረዳቱን ጩኸት ሰማሁት። «መንገድ ላይ አይተሃታል?» ብዬ ረዳቱን ልጠይቀው ተነሣሁና መልሼ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት ያንተን ወሬ ይዞ በር ያንኳኳው የአውቶቡስ ረዳት ነበር።

ሌላም ያላሰብኩት ነገር አለ። ያንተ ብስክሌት ፔዳሉን ስታቆም ኋላው ጥ ጥ ጥ ይል ነበር። ከመታጠፊያው ጀምሮ እሰማህ ነበር፤ ሳትደርስ በር እከፍትልህ ነበር። ይሄ አዲሱ ፍሬን ድምፅ የለውም። ዛሬ ጠዋት ከግቢ ስትወጣ ነው ያወቅኩት፤ እንደ ጥላ ሄደች። ስለዚህ ጆሮዬን ወደ መንገድ አቁሜ በከንቱ እቀመጣለሁ። መምጣቷን የሚነግረኝ የለም። አለመምጣቷንም

ታደሰ፣ እዚህ ላይ ነው ያቋረጥኩት። ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች። ከጸጉሯ እስከ ጫማዋ አቧራ ናት። ምን ያህል ቆማ እንዳየችኝ እንጃ። «ተማሪዋ፣ ምን ትጽፊያለሽ?» አለችኝ። ባንተ ቃል። ዓይኔ ግን ከኋላዋ ብስክሌቱን ፈለገ። እሷም ገባትና እጄን ይዛ ወደ ግቢ አወጣችኝ፣ ኋላ ጎማው እምብርት ላይ አሳረፈችው። ቀዝቃዛ ነው። የተቃጠለ ግሪስ ግን ይሸታል።

«አቆምሽ?» አልኳት።

«አቆምኩ። ለመብረድ ጊዜ ይፈጃል እማዬ፤ ስለዚህ ከታዴ ጋ ተጫወትኩ። ስለተከተቡት ልጆች ነገርኩት።»

ሌላ አልጠየቅኳትም፤ የናንተ ጉዳይ ነው።

እኔ ሐውልት የማሠራበት አቅም የለኝም። ግን እህትህ ያንን ቁልቁለት በወረደች ቁጥር ግራሩ ሥር ትቆማለች፤ ብትቸኩልም፣ ቢዘንብም፣ ብትረሳም እንኳ ብረቱ እየጋለ ያቆማታል። እኔም በዚያ ሰዓት እዚህ ደጃፌ ላይ እቀመጣለሁ። ፍሬኑ እስኪበርድ ድረስ ሦስታችንም አንድ ላይ ነን፣ የኔ ጌታ።

እናትህ