የሹፌሩ ሹራብ

ነሐሴ 18

ልምምድ። ጫኖ፣ የአሞጽ አባት ማንጎ እርሻ ውስጥ፣ እንደ ሁልጊዜው። አሞጽ ከበሮ፣ ጌዲዮን ጊታር፣ እኔ ክራርና ድምፅ። ፌርማታ ባንድ ማለት እንግዲህ ይኼው ነው። ዘፈናችን ሁሉ ታሪክ... አንድ ሰው ከቤቱ ይወጣል፣ የሆነ ነገር ይደርስበታል፣ አለቀ። አዝማች እንኳ የለውም። አዲስ አበባ ያለው የስቱዲዮ ሰውዬ "አንድ የሚያስጨፍር ጨምሩና አልበሙን እናውጣው" ብሎን ነበር። ሞከርን። የሚያስጨፍረውም ላይ መጨረሻ ሰው ሞተ። እኔ ነኛ የጻፍኩት! ስንስቅ ዋልን።

ስመለስ ሲቀላ ላይ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ አወቀኝ። "ቲጂ፣ ስሜን ብቻ እንዳትጠይቂኝ፣ ዘፈን ውስጥ ታስገቢኛለሽ" አለ። ቀልዱን ነው።

ቀልዱን ነው?

ነሐሴ 21

ልጻፈውና ይውጣልኝ። ሰኔ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ስለቀረ ሰው ዘፈንን። ወር ሳይሞላ ጫሞ ሐይቅ ላይ አንዱን ዓሣ አጥማጅ አዞ ወሰደው። ቀጥሎ ስለተቃጠለ ሱቅ ዘፈንን። ሲቀላ አንድ ሱቅ ነደደ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን።

ጫሞ አዞ ሞልቶታል። ሱቅም የትም ይቃጠላል። አውቃለሁ። እማዬ ግን አትሰማም። "አታሟርቺ ብዬሻለሁ! በመዘምራን ያሳደግሽውን ድምፅ ለዚህ ታውዪዋለሽ?"

ነሐሴ 25

አዲስ ዘፈን ሳልፈልግ መጣ። ሚኒባስ ወደ ጨንቻ ይወጣል። ጉም ነው። ዶርዜ ሳይደረስ ያለችው ኩርባ ላይ ሹፌሩ ክላክስ ያደርጋል፣ ማንም አይመልስለትም። አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል። መሪውን በአውራ ጣቱ መታ መታ ያደርጋል... ከዚያ ወዲያ መንገዱ የለም።

ጽፌ ስጨርስ ሹፌሩን አወቅኩት። ጌዲዮን ነው። ሹራቡም የሱ፣ አውራ ጣቱም የሱ። የአባቱን ሚኒባስ ይዞ በየቀኑ ጨንቻ የሚወጣው ማን ሆነና! ለምን እሱን? ስለማየው ነዋ። ከሱ ሌላ ማንን አያለሁ?

ለማንም አልዘፍነውም።

ነሐሴ 26

ደወልኩ። "ጌዲዮን፣ ደረስክ?" "ደረስኩ።"

ነሐሴ 30

ደወልኩ። አላነሳም። ደግሜ... አላነሳም። ቁጭ ብድግ ስል እማዬ እንኳ ታዘበችኝ። ለካ ጎማ እየቀየረ ነው። "ምን ሆነሽ ነው ሰሞኑን? ከእናቴ ባስሽ እኮ" አለኝ።

ጳጉሜን 3

አሞጽ ጉድ ሠራኝ። ዘፈን ልላክልሽ ብሎ ስልኬን ተቀበለኝና ያንን የሹፌሩን ዘፈን፣ ለብቻዬ የቀዳሁትን፣ ከፈተው። ልጥለው ቆርጬ ሳለ ለምን ቀዳሁት? አላውቅም።

ጌዲዮን እስከ መጨረሻው ሰማ።

"ሹራቡ የኔ ነው፣ አይደል?"

መሬት መሬት አየሁ።

"ከእስከ ዛሬው ሁሉ ይበልጣል። ለመስቀል ጨንቻ ስንጫወት በሱ ነው የምንዘጋው።"

"አይሆንም!" ብዬ ጮህኩ።

"እኔ በየቀኑ እዛች ኩርባ ላይ አልፋለሁ። አንቺ አንዴ መዝፈን አቃተሽ?"

ክራሬን አነሳሁ።

መስከረም 9

ዘፈኑ ውስጥ ሹፌሩን ላተርፈው ሞከርኩ። ጉሙ ገለጥ አለ፣ መኪናው አለፈ፣ ቤቱ ገባ። ስንጫወተው አሞጽ ራሱ መሐል ላይ ከበሮውን አቆመ። "ይሄ ውሸት ነው" አለ። ውሸት ነው። ጌዲዮን ግን ይተርፋል... እያልኩ ስከራከር ራሴን ሰማሁት። አብጃለሁ?

መስከረም 16

ነገ መስቀል። ከነገ ወዲያ እንወጣለን። የሚነዳው እሱ ነው። እማዬ ሳልጠይቃት እጇን ጭንቅላቴ ላይ ጭና ጸለየች። ሌላ ጊዜ እስቅ ነበር።

መስከረም 19

ትናንትን ልጻፈው።

ጉም ነበር። የፊት መቀመጫ ላይ ሆኜ አውራ ጣቱን እንጂ መንገዱን አላየሁም። ኩርባዋ ጋ ክላክስ አደረገ። አለፍን።

ማታውን ዝግጅቱን በሹፌሩ ዘፈን ዘጋን። ስጨርስ ጭብጨባ የለም። አለቀልን አልኩ።

ከመድረክ ስወርድ አንዲት እናት ክንዴን ያዙኝ። እማማ አበቡ ይባላሉ።

"ማን ነገረሽ?" አሉኝ በጋሞኛ።

"ምኑን እማማ?"

"የልጄን። የሕዝቅኤልን። እዛች ኩርባ ላይ ነው የቀረብኝ፣ አምና በመስቀል ሰሞን።"

"ማንም አልነገረኝም..."

አላመኑኝም መሰለኝ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። ይረግሙኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"አንድ ነገር ብቻ ተሳስተሻል። ሹራቡ አረንጓዴ አይደለም። ሰማያዊ ነበር። እኔ ነኝ የሠራሁለት። አስተካክዪው።"

ስንወርድ ኩርባዋ ላይ ጌዲዮን እንደገና ክላክስ አደረገ። ከፊት መኪና የለም። ጉምም የለም።

"ለማን ነው?" አልኩት።

"ለሕዝቅኤል ነዋ። ሹፌሮቹ ሁላችንም እዚህ ስናልፍ እንነፋለታለን።"

እኔ እኮ ከጌዲዮን ጋር ስንት ጊዜ ስወጣ ሰምቼዋለሁ። ለመኪና መስሎኝ!

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እንዳትፈሪ ብዬ።"

አለቀስኩ።

መስከረም 24

ሹራቡን ሰማያዊ ብዬ ቀየርኩት። ስሙንም አስገባሁት። ሕዝቅኤል። አሞጽ "አልበሙ በዚህ ይጀምር" አለ፤ የስቱዲዮው ሰውዬ የፈለገውን ይበል። ለእማዬ ዘፈንኩላት። አታሟርቺ አላለችም። "እናቱ ይህን ሰምተው እንዴት ቻሉት?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

ጌዲዮን ዛሬም ጨንቻ ወጥቷል። ስልኩን አነሳሁ... መልሼ አስቀመጥኩት። ክራሬን ስቃኝ ቆየሁ።

እሱ ደወለ።

"ምነው ዛሬ ሳትደውዪ? ደነገጥኩ እኮ!"