ወንበሩን እየሞከርኩ ነው

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
ከአባዬ ወርክሾፕ የኋላ ክፍል፣ ሰጋቱራ ላይ ተቀምጬ

እማዬ፣ የኔ ናፍቆት፣

መጀመሪያ ማንም አልሞተም። ድንገት ደብዳቤ ሲደርስሽ ልብሽ ቀጥ እንደሚል ስለማውቅ ነው ይህን ያስቀደምኩት። አባዬ ይበላል (ትንሽ)፣ ይቆጣል (ብዙ)፣ አሁንም ከግድግዳው ማዶ እንጨት እየላገ ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ከሒሳብ በስተቀር።

በስልክ ያልነገርኩሽ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አንቺ በደወልሽ ቁጥር አባዬ አጠገቤ የሚፈልገው ዕቃ አያጣም። ባለፈው ሜትሩን ሲፈልግ ሩብ ሰዓት ሙሉ ቆየ፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ ነበር። ሁለተኛ፣ ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልናገር ታቋርጪኛለሽ። ወረቀት አይቋረጥም። የማተሚያ ቤት አራሚ ብትሆኚም ቀይ እስክሪብቶሽን አስቀምጪና ዝም ብለሽ አንብቢ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ ቀዶ ሕክምና ሊያደርግ ነው፤ ወይም ላያደርግ ነው። እስከ ዓርብ መወሰን አለበት። ትናንት ጠዋት "አደርጋለሁ" አለ፣ ከምሳ በኋላ "አላደርግም" አለ፤ ዛሬ ስጠይቀው ደግሞ አፉን በሚስማር ሞላና መናገር አልችልም ብሎ በእጁ አሳየኝ።

በሽታው ቃር ነው። አውቃለሁ፣ "ለቃር ደግሞ ቢላዋ?" ልትዪ ነው። አክስቴም እንደዛ ነው ያለችው። የሱ ግን ወተት ጠጥተው የሚረሱት ዓይነት አይደለም። የምግብ ቧንቧው ከጨጓራው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የሚዘጋ ጡንቻ አለ፤ የሱ ላልቷል። አሲዱ ደስ ባለው ሰዓት ይመለሳል። ዶክተሯ ይህን በሥዕል ስታስረዳን አባዬ ጣልቃ ገባ።

"ማጠፊያው ነዋ የላላው።"

"እንደዛም ሊሉት ይችላሉ።"

"ታዲያ ማጠፊያ ሲላላ ብሎን ይጠበቃል እንጂ ቤት ይፈርሳል?"

"የሚፈርስ ቤት የለም። አምስት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው።"

"በስንት ቁጥር መሰርሰሪያ?"

ዶክተሯ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሲፈራ ነው እንዲህ የሚቀልደው።

እዚህ እንዴት እንደደረስን ልንገርሽ። አባዬ አልጋ ሠርቶ ሲጨርስ፣ ከማስረከቡ በፊት ራሱ እንደሚጋደምበት ታስታውሻለሽ። "ሳልተኛበት ከዚህ በር የወጣ አልጋ የለም" እያለ የሚኮራበት ነገር። ለካ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የሚጋደሙለት ጋሼ ቫርኒሽ ናቸው። (እንጨቱን የሚያሳምሩት ሽማግሌ፤ ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፣ የሚያብለጨልጭ መላጣቸውን ስታዪ ይገባሻል።) እኔ ሰውየው እንቅልፍ ስለሚወዱ ይመስለኝ ነበር፤ አንዴ የደንበኛ አልጋ ላይ እያንኮራፉ ርክክቡ በሁለት ሰዓት ዘግይቷል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ጋሼ ቫርኒሽ ጥርስ ሊያስነቅሉ ቀሩ። ሊጋቡ የደረሱ ልጆች አልጋቸውን ሊወስዱ መጡ። ልጁ ፈገግ ብሎ "እስቲ ይተኙበትና እንይ፤ ዝናዎን ሰምተናል" አለው። አባዬ ምሳ በልቶ አሥር ደቂቃ አልሞላውም። ግን ዝና የሚባል ነገር ተነካ። ተጋደመ። ዓይኑን ጨፍኖ "አያችሁ? ድምፅ የለውም" አለ።

ከዚያ ድምፅ መጣ። ከአልጋው አይደለም። እማዬ፣ አነቀው። ፊቱ ጠቆረ፣ አየር መሳብ አቃተው፣ እኔ ጀርባውን በጡጫ ስደበድብ ሙሽሪት ትጮሃለች። ስንት ሰከንድ እንደነበር አላውቅም፤ ለኔ አንድ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ያህል ነው። ትንፋሹ ሲመለስ መጀመሪያ ያለው ቃል "አልጋው ደህና ነው" የሚል ነበር።

ልጆቹ አልጋውን ሳይወስዱ ሄዱ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ በሳለ ቁጥር እቆጥራለሁ።

ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ "ራሴ ሄድኩ" ብሎ ቢያወራ አትመኚው። በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ አስገቡለትና ወገቡ ላይ ትንሽ ማሽን አሰሩለት፤ አንድ ቀን ሙሉ እንደዛ ሆኖ ሠራ። ጋሼ ቫርኒሽ ዙሪያውን ከዞሩት በኋላ "ቻርጅ የሚደረገው በየት በኩል ነው?" አሉት። ባቃጠለው ቁጥር ማሽኑ ላይ ያለውን ቁልፍ መጫን ነበረበት። በማግስቱ ዶክተሯ ውጤቱን እያየች ግንባሯን ቋጠረች።

"ማሽኑ አሲዱ ስልሳ ሦስት ጊዜ መመለሱን መዝግቧል። እርስዎ የተጫኑት አራት ጊዜ ነው። ሌላውን ጊዜ አልተሰማዎትም?"

"ተሰምቶኛል።"

"ታዲያ?"

"ቻልኩት።"

ይኸው ነው አባዬ። ስልሳ ሦስቱን ውስጡ ይዞ አራቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ይቺን ነገር ያዢልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ኪኒኑ ማቃጠሉን ይቀንሳል እንጂ መመለሱን አላቆመውም። ቀዶ ሕክምናው የጨጓራውን አናት በቧንቧው ዙሪያ እንደ ኮሌታ መጠቅለል ነው። ብዙ ሰው ይሻለዋል አለች። ግን መጀመሪያ አካባቢ መዋጥ ያስቸግራል፣ ማግሳት እንደ ድሮው አይሆንም፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ኪኒን የሚመለስም አለ፣ ለሳምንታት ከባድ ዕቃ ማንሳት ክልክል ነው። "አጣዳፊ ስላልሆነ አላስገድድዎትም። ግን እንደዚያ ቀን ዓይነት ነገር ከተደጋገመ ለሳንባዎ እሰጋለሁ" አለችው። ዓርብ ካለፈች ተራው የሚደርሰው ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ከዚያ የሽማግሌዎች ጉባኤ ተጀመረ። አክስቴ "በዘራችን ሆዱ የተከፈተ ሰው የለም" አለች፤ በዘራችን ሆዱን ያላመመው ሰው ማን እንደሆነ ስጠይቃት "አንቺ ልጅ ምላስሽ!" አለችኝ። ጋሼ ቫርኒሽ ስለ ማግሳቱ ሲሰሙ በጣም አዘኑ። "ሰው ካላገሳ መጥገቡን በምን ያውቃል?" ብለው አባዬን እንደገና አስፈሩት።

እኔ? ዶክተሯ ወደኔ ዞራ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ስትለኝ፣ ለሁሉም መልስ ያለኝ ልጅሽ ጫማዬን አየሁ። አድርግ ብዬው ማደንዘዣው ቢከፋበትስ? ተው ብዬው አንድ ቀን እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ቢያንቀውስ? ስልኬ ላይ ያላነበብኩት የለም። አሁን እኔንም ቃር ሳይዘኝ አይቀርም።

አሁን ወደዚያች ነገር ልመለስ። ዶክተሯ መጨረሻ ላይ ተራ ነገር የጠየቀች መስሏት "ተጋድመው መተኛት ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆነ?" አለችው።

"አራት ዓመት። ከግንቦት ጀምሮ። ወንበር ላይ ነው የምተኛው።"

እማዬ፣ ግንቦት! አንቺ ወደ ማተሚያ ቤቱ አዲስ ቅርንጫፍ ልዛወር ብለሽ የተጣላችሁበት ግንቦት። ያን ጊዜ እዚያ ባለረጅም መደገፊያ ወንበር ላይ ማደር ሲጀምር "ለደንበኛ ነው፣ ወንበሩን እየሞከርኩ ነው" ይልሽ ነበር። ይቅርታ፣ ለአክስቴ በስልክ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ፤ መጽሐፌን ዘቅዝቄ ይዤ ነበር። "ሦስት ወር ወንበር ይሞክራል? አልጋ ከለየኝ በኋላ ምን ልጠብቅ?" ብለሽ አለቀስሽ። ነሐሴ ላይ ሄድሽ፤ እኔ ለትምህርቴ ቀረሁ።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ መንገድ ላይ ያዝኩት።

"ለእማ ነግረሃታል?"

"ምኑን?"

"ስጋደም ያንቀኛል ብለህ!"

እርምጃውን አፈጠነ። ከዚያ "ያን ሥራ ስንት ዓመት ስትመኘው ነበር" አለኝ። "ልትሄድ ስትል አመመኝ ብላት፣ ላስቀራት የፈጠርኩት አይመስላትም? ወይ ደግሞ አምናኝ ትቀራለች። ሁለቱንም አልፈለግኩም።"

"ከሄደችስ በኋላ?"

"ከሄደች በኋላማ ጊዜው አለፈ" አለና መንገድ ተሻገረ፣ ግራና ቀኝ ሳያይ።

በሱም በአንቺም ተናድጃለሁ፤ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ ተብሎ! እኔ እንኳ ሲያመኝ ሙሉ ሰፈር ነው የሚሰማው።

አንድ ነገር ቀረኝ። የሐኪም ቤቱ ቅጽ ላይ "ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አብሮ የሚሆን ሰው፣ ስምና ስልክ" የሚል መስመር አለ። አባዬ ሁሉንም ሞልቶ እሱን ባዶ ተወውና "አክስትሽን ጻፊ" አለኝ። አክስቴ እኮ የቲማቲም ጭማቂ ስታይ ራሷን የምትስት ሴት ናት። ስለዚህ ያንቺን ስም ጻፍኩ። በእርሳስ ነው፣ በራሱ የአናጺ እርሳስ። ላጲሱንም እንዲመቸው አጠገቡ አስቀመጥኩለት። ከስልክ ቁጥርሽ ላይም ሆን ብዬ አንዱን አሳሳትኩ።

ዛሬ ጠዋት አየሁት። ላጲሱ ካለበት አልተነቃነቀም። ስምሽን በእርሳሱ ላይ በእስክሪብቶ ሄዶበታል፣ ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብሎ። የተሳሳተውን ቁጥር ሰርዞ ትክክለኛውን ጽፎበታል። ስልኩ ያን ጊዜ እኔ ጋ ነበር፤ በቃሉ ነው።

የፊርማው ቦታ ግን ባዶ ነው።

እኔ ነይ አላልኩም። ፈርም ብለሽ እንድታዢውም አይደለም። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቅጹን እንመልሳለን፤ ከዚያ በፊት የሚጠይቀው ሰው እኔ ብቻ ባልሆን ብዬ ነው። ለኔ ሁልጊዜ አራቱን ነው የሚነግረኝ። ስልሳ ሦስቱን ለማን እንደሚናገር የምገምት ይመስለኛል።

ደብዳቤውን የማደርስልሽ በጋሼ ቫርኒሽ እጅ ነው፤ ነገ እህታቸውን ሊጠይቁ ወደናንተ ከተማ ይመጣሉ። መንገድ ላይ እንዳያነቡት መነጽራቸውን ደብቄያለሁ። ስለዚህ በር ላይ ስትቀበያቸው እጃቸውን ያዢልኝ፣ ደረጃ አይታያቸውም።

ፈጣሪ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፣ መንገድሽን ሁሉ ያቅናልኝ፣ የወጣሽበት በር ሁሌም ክፍት ሆኖ ይቆይሽ።

ምላሳሟ ልጅሽ

ይድረስ ለአንቺ ብቻ፦ ወንበሩ አሁንም መስኮቱ ሥር ነው። እኔም ሞከርኩት። ምንም አይመችም።