መስታወት የሆነው ባቴ

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽስ ለቀቀሽ? ባለቤትሽና ልጅሽ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽና ከአንድ እግሬ በቀር የጎደለብኝ የለም። እንዳትቆጪ፤ ይህን ቀልድ ሰፈሩ ሁሉ ለምዶታል፣ ያልለመድሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

እትዬ፣ ዛሬ የምጽፍልሽ ልኩራራብሽ ነው። ሰው ሠራሽ እግሬን ክሮም አደረግኩት። በገዛ እጄ፣ በገዛ ቤቴ፣ ልብስ በማጥብበት ክፍል ውስጥ።

መቼም አላየሽውምና ልንገርሽ። እግሩ ራሱ ብረት ነው፤ ባቱ ላይ ግን በብሎን የሚታሰር የፕላስቲክ ሽፋን አለው። ገላ ይመስላል ብለው ቡናማ ቀብተውታል፣ የማንንም ሰው ገላ ግን አይመስልም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺ በምትልኪልኝ ረጃጅም ቀሚሶች ስሸፍነው ኖርኩ። ሰው እንደሆነ አረማመዴን አይቶ ማፍጠጡን አልተወም። አንድ ቀን መንገድ ላይ የቆመ ሞተር ብስክሌት አየሁ፤ ክሮሙ ያብለጨልጫል፣ አላፊ አግዳሚው ዞር እያለ ያደንቀዋል። ማየታቸው ካልቀረ ደህና ነገር ይዩ አልኩ።

እግሩን የሠራልኝ ባለሙያ ገላዬን የሚነካውን ክፍል እንዳልደርስበት አስጠንቅቆኝ፣ ሽፋኑን እንደፈለግሽ አድርጊው አለኝ። ከዚያ ከሱቄ ፊት ለፊት ወዳለው የመኪና ቀለም ቀቢ ሄድኩ። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ፕላስቲክ እንደ ብረት ተነክሮ ክሮም አይሆንም፣ ቤት ውስጥ ያለሽ አማራጭ የሚነፋው ቀለም ነው፣ እሱም ትዕግሥት ይፈልጋል አለኝ። ምስጢሩ ከሥር ያለው ጥቁር ቀለም ነው፤ ጥቁሩ ፊት እስኪያሳይ ካላበራ ላዩ የሚነፋው ክሮም እንደ አሮጌ ድስት ግራጫ ሆኖ ይቀራል። "ስስ ስስ አድርገሽ ንፊው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ካለኝ በኋላ ምን እንደተናገረ ሲገባው አንገቱን ደፋ። "እንቁላል ከሄደ እኔ ምን አነሰኝ?" አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሳይሳቀቅ አስተማረኝ።

ሽፋኑን ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ በሳሙና አጠብኩት፣ መስኮቱን ከፍቼ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ጥቁሩን ነፋሁ። ሲደርቅ ፊቴን አየሁበት፤ ቅንድቤ ሳይቀር ይታያል። ክሮሙን ደግሞ ራቅ ብዬ በስሱ ደራረብኩበት። አበራ። ከዚያ ምን አደረግኩ መሰለሽ? የሃያ ዓመት ልብስ ሰፊ አይደለሁ፣ ያማረ ነገር ላይ አቧራ ሲያርፍ ማየት አልችልም፤ ሳይደርቅ ስስ ጨርቅ ጣል አደረግኩበት። በማግስቱ ሳነሳው የጨርቁ ድርና ማግ አንድ በአንድ ታትሞበታል። ቀቢው አይቶ፣ ቀለም ያበላሸ ብዙ ሰው አውቃለሁ፣ ልብስ ያለበሰው ግን አንቺ ብቻ ነሽ አለኝ። ተናድጄ አለቀስኩ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ሁሉንም ፍቄ እንደገና ጀመርኩ።

በሁለተኛው ራሴን አላመንኩትም፤ ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን ለቀቢው ሰጠሁት። ብለምነውም ሁለት ቀን ሙሉ እምቢ አለኝ። ስከፍተው፣ እትዬ፣ መስታወት ሆኖ ጠበቀኝ። እንዳይፋቅ የሚጠብቀውን ጥርት ያለ ቀለም ስነፋበት ጥቂት ደብዘዝ አለ እንጂ ኩራቱ አልወረደም። ቀቢው እያገላበጠ አየውና ደንበኞቹን እየጠራ አሳያቸው።

ባለፈው የላክሽልኝን ሰማያዊ ቀሚስ ከጉልበቴ በላይ ቆረጥኩት። ጨርቁ ጥሩ ነው፣ እጅሽ ይባረክ። ለብሼው ሱቅ ስገባ አንዷ ደንበኛዬ ጎንበስ ብላ ሊፕስቲኳን አስተካከለችበት።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። እናታችን እንደነገረችኝ መኪናሽ ከተጋጨንበት ቀን ጀምሮ ሸራ እንደለበሰ ነው፤ ሥራም በታክሲ ነው የምትሄጂው። እኔ ስደውል ስልኩን ለባልሽ ትሰጪዋለሽ። ያን ቀን ደንበኛ እየጠበቀችኝ ነው፣ ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ እያልኩ የጨቀጨቅኩሽ እኔ ነበርኩ። አንቺ ይህን ለማንም አልተናገርሽም። እኔም አፍሬ እስከዛሬ ዝም አልኩ።

ጨርቅ ያማረ ነገር ላይ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁና ሸራውን ግፈፊው። ለልጅሽ ምርቃት መጥተሽ ውሰጂኝ። ታክሲ እንዳትልኪብኝ፣ ባልሽንም እንዳትልኪ። የፊቱ ወንበር የእኔ ነው፤ እግሬን ዘርግቼ ስለምቀመጥ ትንሽ ወደ ኋላ ሳቢልኝ።

ወገብሽን ያጽናልሽ። ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። መንገድሽን ሁሉ ያቅናልሽ። ስትመጪ ቀስ ብለሽ ንጂ፤ እኔ እንደሆንኩ አልቸኩልም።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ