የጨንቻው ኳኳታ

አርባ ምንጭ፣ ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ያንን ዘገምተኛ ዜማ ዛሬ ከዝግጅታችን ላወጣው ነበር። ክረምቱን ተማሪዎቼ በየቤታቸው ሆነው ድምፃቸውን በቴሌግራም ሲልኩልኝ፣ እኔም ስደራርበው፣ ከጃዝ ዜማዎቻችን ሁሉ ያማረው እሱ ነበር። ዛሬ በኮሌጁ አዳራሽ ጎን ለጎን ቆመው ሲያዜሙት ግን መሀል ላይ ተበታተነ። አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ይጎተታል። ሦስት ጊዜ ጀመርን፣ ሦስት ጊዜ አቆምን። በመጨረሻ ተናደድኩና "በቃ፣ ይቅር!" አልኩ።

ባስ የሚዘፍነው ዳንኤል፣ "ቲቸር፣ ኳኳታው የለማ!" አለ።

መጀመሪያ አልገባኝም። መሪ ድምፃችን ምሕረት ክረምቱን ስትቀዳ የከረመችው ጨንቻ፣ አባቷ ሸማ ከሚሠሩበት ክፍል ነው። ከድምጿ ኋላ የሸማው ዕቃ ኳ፣ ኳ ሲል ይሰማል። "ሌላ ቦታ ሄደሽ ቅጂ" እያልኩ ስጨቀጭቃት ነበር። ሌሎቹ ደግሞ የራሳቸውን የሚቀዱት የእሷን እየሰሙ ነው። ለካ ሁሉም የሚገባው በዚያ ምት ኖሯል!

ምሕረት አፍራ ሳቀች። "ሌላ ክፍል የለንም እኮ" አለችና ወንበሩን በጣቷ ማንኳኳት ጀመረች። እንደገና ጀመርን፤ ዜማው ሳይዛነፍ እስከ መጨረሻው ሄደ። ደስ አለኝ፣ ከዝግጅታችን አይወጣም። አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ጣቷ ትንሽ ይዘገያል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ትንፋሽ ስስብ አባዬ ሥራውን ቆም ያደርግልኝ ነበር" አለች።

እኔ እኮ እስከ ዛሬ መሪው እኔ ነበርኩ የሚመስለኝ።