የበር ዳሩ ወንበር

የካቲት 3
ዛሬም ጥርስ ክሊኒኩ መግቢያ ላይ ተቀምጬ «እንኳን ደህና መጡ» ስል ዋልኩ። ጥርሱን ያመመው ሰው እንኳ መጀመሪያ የሚያየው የኔን ብጉር ነው። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። «የሙከራ ጊዜሽ መጋቢት መጨረሻ ያልቃል። እንግዳ የሚቀበል ሰው ፊት... ገባሽ አይደል?» ገብቶኛል። ካልጠራ ምድር ቤት፣ ካርድ ክፍል።

የካቲት 7
የቆዳ ሐኪሟ ቅባት አዘዘችልኝ። ፋርማሲስቷ እንደ ታናሽ እህቷ ነው የመከረችኝ። «የሽምብራ ፍሬ የምታክል ብቻ። ማታ፣ ፊትሽ ሲደርቅ። ለጊዜው በሳምንት ሁለቴ። በጋ ነው፣ የፀሐይ መከላከያ ሳትቀቢ ከቤት እንዳትወጪ። ለማርገዝ ካሰብሽ ደግሞ አትጠቀሚ፣ ቀድመሽ ንገሪን።»
«ማን አግብቶኝ!» ስላት ሳቀች።
«በስንት ቀን ይጠራል?»
«ቀን? ሦስት ወር ታገሺ።»
እኔ ያለኝ ሰባት ሳምንት ነው።

የካቲት 19
ምንም ለውጥ የለም። አጠገቤ የምትቀመጠው እትዬ አዋቂ (ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ አትሰማም) አገጬን ይዛ ፊቴን አገላበጠችው።
«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ካልላጠ አልሠራም! የእህቴ ልጅ ጠዋትም ማታም ለድፋው ነው እንደ ተላጠ እንቁላል የጠራችው።»
«እትዬ፣ ሐኪሟ እኮ...»
«ሐኪም ለራሱ ይፈራል። እኔ ላንቺ ነው የማስበው።»
አሥራ ሁለት ዓመት እዚያ የተቀመጠች ሴት። ጥላው ያለበት ወንበር የእሷ ነው። የኔ ክፍቱ በር ዳር፤ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ፀሐይ ግራ ጉንጬ ላይ ተጥዳ ትውላለች።

የካቲት 20
ጠዋትም ለደፍኩት። መከላከያውን... ሁለት ቅባት አይደራረብም ብላኛለች እትዬ።

የካቲት 24
ላጠ! ደስ አለኝ። እንዲህ ብዬ መጻፌ ይቀመጥልኝ።

የካቲት 26
ጉንጬ በርበሬ መሰለ። ውሃ ሲነካው እንኳ ይለበልበኛል። መንጋጋቸው ያበጠ ሽማግሌ ተራቸው ደርሶ ስማቸውን ስጠራ አዩኝና፣ «ልጄ፣ ከኔ በፊት አንቺ ግቢ» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሲሳቅ ደግሞ ያምማል።

የካቲት 27
ሐኪሟ ጮኸች። «ጠዋትም? ፀሐይ ላይ ተቀምጠሽ?» እስኪድን አቁሚ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው፣ በቀስታ። «ማነው የመከረሽ?»
ምላሱ የእትዬ ቢሆንም ጆሮው የኔ ነው።

መጋቢት 30
ካርድ ክፍል። ወደ ታች አሥራ አራት ደረጃ። ሥራ አስኪያጁ «ለጊዜው ነው» አለ። እትዬ አዋቂ ቦርሳዬን አቀበለችኝ። «አይዞሽ፣ እዚያ ፀሐይ የለም።»
ስታጽናናኝ ነው? ወይስ...

ሚያዝያ 18
የሽምብራ ፍሬ። ማታ። ጠዋት መከላከያ፣ መንገድ ላይ ባርኔጣ። አሁን ማን ሊያየኝ?

ግንቦት 28
ፊቴ ጠራ። የሚያዩት ፋይሎች ናቸው።
ዛሬ እትዬ አዋቂ ወረደች። ሥራ አስኪያጁ የዘመዱን ልጅ ቀጥሮ ጥላው ጋ አስቀምጧታል፤ እትዬን ወደ በሩ ዳር ገፍቷታል። ማድያት ወጥቶባታል። እጇ ላይ የቅባት ቱቦ... ያው የኔው።
«ውይ፣ እንዴት አምሮብሻል! ሐኪሟ ብዙ ለፈለፈችብኝ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ጠዋትም ልቀባው አይደል?»
«ካልላጠ አልሠራም» ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች። ሁለት ቃል። ጣፋጭ ነበረች።
ዋጥኳት። ሁሉንም ነገርኳት፣ የሽምብራዋንም፣ የፀሐይዋንም። አሮጌ ካርድ ጀርባ ላይም ጻፍኩላት።
«ሦስት ወር? አይ አንቺ፣ ይሄማ ለሰነፍ ነው!» ብላ እየሳቀች ወጣች።
ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ሄዳለች።
አሥራ አራት ደረጃ ነው። አልተከተልኳትም።