ከፍርስራሹ የጠፋው ድንጋይ

ጥር 13፣ አንኮበር

ዛሬ ጠዋት ለጥበቃ ስገባ ከጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ መስቀል የተቀረጸበት ድንጋይ የለም። ሌሊቱን ተረኛው ጋሽ ደምሴ ነበሩ፤ የልጄ የክርስትና አባት ናቸው።

«ጎርፍ ወስዶት ይሆናል» አሉኝ ስጠይቃቸው። በጥር የምን ጎርፍ?

ካመለከትኩ እሳቸው ይታሰራሉ፤ ዝም ካልኩ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል ዋልኩና ማምሻውን ቤታቸው ሄድኩ። እሳቸው አልነበሩም። ሳሎኑ ውስጥ አዲስ መደብ አሠርተው በጭቃ አስለስነውታል። ልቀመጥበት ስል ሚስታቸው ክንዴን ያዙኝ።

«እዚያ አትቀመጪ ልጄ፣ ገና አልደረቀም።»

ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ ስለ ብርዱም አወራን። ቡና ሊያቀርቡልኝ ጓዳ ሲገቡ መደቡን በመዳፌ ዳበስኩት። ድርቅ ብሏል።