ለማይረጋው የሄሮን ኮሚቴ፦ ስለ ሎርና «ሲቀነስ አንድ»

ለተከበሩ አቶ ብራይስ ታልማጅ፣ የሄሮን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
እንዲሁም ለክቡራን የኮሚቴው አባላት፣
በያላችሁበት፤ ማለቴ ዛሬ ባላችሁበት፤ የነገውን እናንተም ገና አልወሰናችሁም።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነታችሁ እንደምን ሰንብቷል? አውራ ጣቶቻችሁስ? ቀኑን ሙሉ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ በአውራ ጣት ሥዕል ሲያጸድቅ ስለሚውል፣ እንዳይዝሉባችሁ ከልብ እሰጋለሁ። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ። እዚህ ተንደር ቤይ ሐይቁ በረዶውን መሰባበር ጀምሯል፤ ጉልበቴም ከእሱ ጋር ተስማምቶ ይንቋቋል።

ምናልባት ካላስታወሳችሁኝ፣ ዌንደል ሃልቮርሰን እባላለሁ። በወደቡ የእህል ጎተራዎችን የሚቆጣጠሩ ፕሮግራሞችን ስጽፍ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ሄሮን ገና ስም ሳይወጣለት ጀምሮ አብሬው ያለሁና ለጀማሪዎች ጥያቄ መልስ በመስጠት ባለቤቴን አይሪንን የማሰለች ሽማግሌ ነኝ።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፈው በቅድሚያ ለማመስገን ነው። ድሮ አንድ የኢሜይል ቡድን ብቻ ነበረን፤ ሰው ይጠይቃል፣ ሰው ይመልሳል፣ መልሱም እዚያው ተቀምጦ የሚመጣውን ይጠብቃል። ይህ እጅግ አሰልቺ መሆኑን ተረድታችሁ ወደ ፎረም አዛወራችሁን። ፎረሙን ተለማምደን ሳንጨርስ ወጣቶች አይወዱትም ተባለና ወደ ቻት ቤት ገባን። እሱም ቀለሙ ዓይን ያደክማል ተብሎ ሌላ ቻት ቤት ተፈለገ። አሁን ደግሞ፣ ሻንጣችንን ገና ሳንፈታ፣ ፍሎካ በሚባለው አዲስ ቻት ቤት ውስጥ ሰፍረናል። በዚህ ሁሉ ጉዞ የኢሜይል ቡድኑ እንደ አሮጌ ወንበር ጥግ ይዞ ቆይቶ ነበር፤ እናንተ ግን እሱንም በዚህ ወር መጨረሻ ልትዘጉት መወሰናችሁን አስታውቃችኋል። ለዚህ ሁሉ ትጋታችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ጥቂት ቅሬታዎች ስላሉኝ በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ። ስልኬ። ከፍሎካ ወዲህ ኪሴ ውስጥ እንደ ታፈነ ዶሮ ይንፈራገጣል። ባለፈው ሳምንት በከርሊንግ ጨዋታ ክበባችን፣ የመጨረሻውን ድንጋይ በረዶው ላይ ላንሸራትት ተንበርክኬ፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ ጮኸ። አንድ የማላውቀው ሰው «ሰላም ሁላችሁም» ብሏል፤ ቀጥሎ ሰላምታውን ለመመለስ የሚውለበለብ እጅ ሥዕል የላከ ሁሉ ተራ በተራ አስጮኸው። ድንጋዩ የሄደበትን ባልነግራችሁ እመርጣለሁ። አይሪን ከመቀመጫዋ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ስልኩን እሰረው ወይ አንተ ታሰር!» ብላ ስትጮህ አዳራሹ በሙሉ ደገፋት። እሷ እንኳ በደንቡ መሠረት ነው የተደገፈችው፤ ሁሉም በተገኘበት።

ሁለተኛ። መልሶቻችን እንደ ወንዝ ይፈስሳሉ፤ የሚያምር ነገር ነው፣ ግን ከወንዝ የትናንቱን ውኃ የሚቀዳ የለም። ጠዋት አንዲት ጀማሪ ወደሚቀጥለው ዓመት የሚሻገሩ ቀናትን እንዴት እንደምትቆጥር ጠየቀች፤ በደንብ መለስኩላት። ከሰዓት በኋላ ሌላው ያንኑ ጠየቀ። ማታ ደግሞ ሌላው። መልሴን ፈልጌ ባሳየው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን የፍሎካ መፈለጊያ «ቀናት» ስለው የአንድ ሰው የልደት ቀን ኬክ ያመጣልኛል። በነገራችን ላይ ኬኩ ያስጎመጃል።

ሦስተኛውን ቅሬታ ቀደም ብዬ ፍሎካ ላይ ጽፌው ነበር። ዛሬ ገልብጬ ላመጣው ስሄድ፣ አናናስ ፒዛ ላይ ይደረጋል አይደረግም ከሚል ክርክርና ከብዙ የድመት ፎቶ በታች ተቀብሮ ላገኘው አልቻልኩም። ስለዚህ እንደቀረበ ይቆጠርልኝ። ከባድ እንደነበረ ብቻ አስታውሳለሁ።

አራተኛ። እስካሁን የቀለድኩት እዚህ ለመድረስ ድፍረት እስካገኝ ነው። ሎርና ፔተንን ታውቋታላችሁ፤ ኒውፋውንድላንድ፣ ጋንደር የምትኖር፣ የሄሮንን የቀንና የሰዓት ክፍል ለብቻዋ የምትጠብቅ ሴት ናት። ዓይነ ስውር ናት፤ ጽሑፉን ኮምፒውተሯ ጮክ ብሎ ያነብላታል። በኢሜይል ቡድኑ ከማናችንም ቀድማ ታነብ፣ ከማናችንም ቀድማ ትመልስ ነበር። ፍሎካ ላይ ስሟ አለ፤ እሷ ግን የለችም።

ጉዳዩን ሳነሳልዎ፣ አቶ ብራይስ፣ «ዌንደል፣ ወንድሜ፣ ዘና በል፤ ፍሎካ ለሁሉም ሰው ይመቻል፣ ራሱ ድረ ገጻቸው ላይ ተጽፏል» ብለውኝ ነበር። እኔም ዘና አልኩና ለሎርና ደወልኩ።

«ስማኝ ዌንደል፣ የኔ ዓለም፣» አለችኝ፤ «ስለ ሰዓቱ ስህተት ጠየቅኳቸው። መልስ መጣ፤ ሁሉም በሥዕል። ጆሮዬን አቁሜ ሳዳምጥ ምን ይላል? ‹ጃንጥላ የያዘች እንቁራሪት! ጃንጥላ የያዘች እንቁራሪት! አውራ ጣት! የሚጨፍር ድንች!› ይኼ እሺ ነው እምቢ? ድንቹስ ምን አገኘሁ ብሎ ነው የሚጨፍረው?»

«ኮሚቴ ውስጥ ተመርጦ ይሆናል» አልኳት።

በጣም ሳቀች።

«ለቅቄ ልወጣ ነበር እኮ፣» አለች ቀጥላ። «የመውጫውን ቁልፍም አያነብልኝም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ክቡራን፣ ተቀምጬ መዋል አቅቶኛል። ከመስኮቱ ወደ ኮምፒውተሩ፣ ከኮምፒውተሩ ወደ መስኮቱ እመላለሳለሁ፤ አይሪንም ምንጣፉን ጨረስከው ትለኛለች። የኢሜይል ቡድኑ ሲዘጋ ሎርና ከእኛ ጋር የምትነጋገርበት የቀራት አንድ በር አብሮ ይዘጋል። እኔ ሌላ ቤት ብገባ እለምደዋለሁ፣ እንደምንም። ለእሷ ግን በሩ ግድግዳ ነው።

አምስተኛ። ውሳኔያችሁ «ያለ አንድ ተቃውሞ በሙሉ ድምፅ» መጽደቁን ስሰማ ባርኔጣዬን አነሳሁ። እንደ እኛ ያለ፣ ስለ ቅንፍ አቀማመጥ እንኳ ክረምቱን ሙሉ ሲነታረክ የሚኖር ሕዝብ በአንድ ድምፅ ተስማማ! ከዚያ ድምፁ የት እንደተሰጠ ጠየቅኩ። ፍሎካ ላይ ነው አሉኝ። ማለትም የኢሜይል ቡድኑ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ የሚለውን የጠየቃችሁት ፍሎካ ውስጥ የገቡትን ነው። መርከቧ ወደብ ከለቀቀች በኋላ፣ ተሳፋሪውን ሰብስቦ «መርከብ ያመለጠው ሰው እጁን ያውጣ» ማለት ነው። እጅ አለመውጣቱ አልገረመኝም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ልማዳችንን መርሳታችሁ ነው። ሄሮን ከተወለደ ጀምሮ ማንኛውም ሐሳብ በኢሜይል ቡድኑ ይቀርባል፤ የደገፈ «ሲደመር አንድ» ብሎ ይጽፋል፤ የተቃወመ «ሲቀነስ አንድ» ብሎ ምክንያቱን ያስቀምጣል። ምክንያት ያለው ሲቀነስ አንድ በብዛት አይሸነፍም። መልስ ይሰጠዋል። መልሱ እስኪሰጠው ሐሳቡ ባለበት ይቆማል። እናንተ ፍሎካ ላይ አውራ ጣት ስትቆጥሩ፣ ይኸው መልእክት በኢሜይል ቡድኑ ተቀምጦ ነበር፦ «ሲቀነስ አንድ። ምክንያት፦ ይህን ከዘጋችሁት ሌላ የምገባበት የለኝም። ሎርና።» ዛሬም እዚያው አለ። መልስ የሰጠው የለም። እንቁራሪቷ እንኳ አልመጣችለትም።

እርስዎ፣ አቶ ብራይስ፣ ይህን ልማድ ከማንም በላይ ያውቁታል ብዬ አምን ነበር። አዲስ ገብተው፣ ማንም ስምዎን ሳያውቀው፣ ሁላችን የደገፍነውን የስህተት አያያዝ ለውጥ ብቻዎን «ሲቀነስ አንድ» ብለው ተቃወሙ። አብዛኛው ሰው ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው ብሎ ሊያልፍዎ ሲል፣ ሎርና እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ልጁ ሲቀነስ አንድ ብሏል። ምክንያት ሰጥቷል። እስኪመለስለት ማንም ንቅንቅ የለም።» ማንም አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻም ትክክል የነበሩት እርስዎ ሆኑ፤ ዛሬ የተቀመጡበት ወንበር መንገዱ ከዚያ ይጀምራል። ያኔ ድምፅዎን የሰማችው እሷ፣ ዛሬ ድምጿ የማይሰማላት ሰው ሆናለች፤ ይህን የመሰለ ውለታ መላሽነት ሳላይ ባለመሞቴ አመሰግናለሁ።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ፍሎካ ከነእንቁራሪቷ ይኑር፤ ድንቹም ይጨፍር። የኢሜይል ቡድኑ ግን ክፍት ይቆይ፤ ውሳኔ ሁሉ ሎርና ልታነበው በምትችልበት ቦታ ይሰጥ። ይህን የማትቀበሉ ከሆነ ደግሞ፣ ምክንያታችሁን ለእሷው፣ በቃላት፣ ጻፉላት።

ለቀጣዩ የቤት ፍለጋችሁ መልካም ጉዞ እየተመኘሁ፣ በደረሳችሁበት ሁሉ በሩን ከኋላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት ዞር ብላችሁ እንድታዩ እየለመንኩ፣ አንድ ቦታ ተቀምጦ የመቆየትን ጥቅም ከእናንተ ተቃራኒውን በማየት የተማረ፣

ታዛዣችሁ
ዌንደል ሃልቮርሰን
ተንደር ቤይ፣ ኦንታሪዮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ፍሎካ ላይ ልለጥፈው ሞክሬ «መልእክትዎ ረጅም ነው፣ በሥዕል ቢገልጹትስ?» ስላለኝ ወደ ኢሜይል ቡድኑ ልኬዋለሁ። ሎርና ወዲያው አንብባው «ሲደመር አንድ» ብላለች። እናንተ ወደዚያ ብቅ ማለት ስለተዋችሁ ድምፄን በፖስታ በምልክላችሁ በዚህ ቅጂም ልድገምላችሁ፦ ሲቀነስ አንድ። ምክንያት፦ ሎርና።